ከሀዋሳ ወደ ወንዶ ገነት ጥንታዊ ደን፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና ምላሾች

ባለፈው እትማችን በሀዋሳ ዙሪያ የእረፍት ቀን ማሳለፊያ ስለሚሆኑ ሥፍራዎች ስንጽፍ የወንዶ ገነትን የተፈጥሮ ደን ጠቅሰን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለዚሁ ደን የሚጠይቁ በመሆናቸው የዚህን ወር አምድ ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በታቦር ክፍለ ከተማ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ነኝ። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ ወንዶ ገነት ሄጄ ነበር። ከአውቶቡስ ወርደን ያየናቸው ዛፎች ግን በመስመር የቆሙ ጥድና ባሕር ዛፍ ስለነበሩ፣ ልጆቹ «ጥንታዊ ደን የተባለው ይኼ ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። አንዱ ተማሪ ደግሞ አንድ ትልቅ ዛፍ እያሳየ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ቢጠይቀኝ፣ አብሮን የነበረው ወጣት «አንድ ሺህ ዓመት» ብሎ መለሰለት። ቀሪውን ቀን ፍል ውሃው ዘንድ ውለን ተመለስን። ዘንድሮ ደግሜ ልወስዳቸው አስቤአለሁና የተፈጥሮውን ደን ከተተከለው እንዴት ለይቼ ላሳያቸው? መቼና እንዴት ብንሄድስ ይሻላል?

ምላሽ፦ ተማሪዎችዎ ያነሡት ጥያቄ ከብዙ ጎልማሳ ጎብኚ ጥያቄ ይበልጣል፤ ብዙ ሰው ከፍል ውሃው ሆኖ ያየውን አረንጓዴ ሁሉ ጥንታዊ ደን ነው ብሎ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳልና። እናንተ ከአውቶቡስ እንደወረዳችሁ ያያችሁት በሰው እጅ የተተከለ ደን ነው። ዛሬ በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ድጋፍ የደን ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ከተቋቋመ ወዲህ፣ ለማስተማሪያም ለእንጨት ምርትም የሚሆኑ የፈረንጅ ጥድ፣ ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያና ሌሎች ከውጭ የመጡ ዛፎች በግቢውና በዙሪያው ተተክለዋል። የተፈጥሮው ደን ያለው ከእነዚህ ጀርባ፣ ዳገቱን ይዞ ወደ ላይ፣ በተለይም ጅረቶች በሚወርዱባቸው ገደላማ ቦታዎች ነው። ስለዚህ ከመንገዱ ዳር ሳይርቅ የተመለሰ ጎብኚ ደኑን አየሁ ቢል ማለት የሚችለው ከሩቅ አየሁት ብቻ ነው።

ሁለቱን ለመለየት የዛፎቹን ስም ማወቅ አያስፈልግም። በተተከለው ደን ውስጥ ዛፎቹ በአንድ ዓመት የተተከሉ ስለሆኑ ቁመታቸውም ውፍረታቸውም ይቀራረባል፤ ከሥራቸው ያለው መሬት ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው፣ ወይም በወደቀ የጥድ ቅጠል ብቻ የተሸፈነ ነው። በተፈጥሮው ደን ውስጥ ግን ቀና ሲሉ ከላይ ቀረሮና ዝግባ ከሌሎቹ በላይ ራሳቸውን አውጥተው ይታያሉ፤ ከእነርሱ ዝቅ ብለው ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳና ጥቁር እንጨት ሌላ ጣሪያ ይሠራሉ፤ ከዚያ በታች ቁጥቋጦና ሐረግ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ፈርንና ገና ጣት የማያህሉ የትልልቆቹ ዛፎች ልጆች ይገኛሉ። የወደቀ ግንድ ማንም ሳያነሣው እዚያው ሲበሰብስ፣ በላዩም ሌላ ነገር ሲበቅል ካዩ ብዙ ጊዜ ሳይነካ የቆየ ቦታ ላይ ለመሆንዎ ጥሩ ምልክት ነው።

ለተማሪዎችዎ አንድ ቀላል ሥራ ይስጧቸው። በመጀመሪያ በተተከለው ደን ውስጥ፣ ቀጥሎም በተፈጥሮው ደን ውስጥ፣ ርዝመቱም ስፋቱም አሥር አሥር እርምጃ የሆነ ቦታ ይለኩና ከመሬት ላይ የወደቁትን ልዩ ልዩ ቅጠሎች ይቁጠሩ። ከዛፍ ላይ አንድም ቅጠል መቀንጠስ አያስፈልግም። የዋንዛን ቅጠል በጣታቸው ሲዳስሱት ሻካራ ሆኖ ያገኙታል፤ የብሳና ቅጠል ሲያረጅ ከመውደቁ በፊት ደማቅ ብርቱካንማ ስለሚሆን ከአረንጓዴው መካከል ከሩቅ ይለያል፤ የዝግባ ቅጠል ጠባብና ጠንከር ያለ ነው። ዝግባ ወንዱና ሴቱ በየራሱ ግንድ ላይ የሚገኝ ዛፍ ስለሆነ ፍሬ የሚሰጠው ሴቷ ዛፍ ብቻ መሆኗን ሲነግሯቸው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በቀላሉ የማይረሳው ትምህርት ይሆናል። ቆጠራውን ሲጨርሱ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፈው ልዩነቱን ራሳቸው ያስረዱ፤ እርስዎ ቀድመው አይንገሯቸው።

ስለ ዕድሜው «አንድ ሺህ ዓመት» የሚለውን መልስ አይቀበሉ። ዛፍ የበጋና የክረምት ልዩነቱ በጎላበት አገር በየዓመቱ አንድ ቀለበት በግንዱ ውስጥ ያኖራል ይባላል፤ በእኛ አካባቢ ግን በልግና ክረምት ሁለት ጊዜ ስለሚዘንብ አንዳንዱ ዛፍ በዓመት ከአንድ በላይ ቀለበት ሊሠራ ይችላል፤ አንዳንዱ ደግሞ የሚቆጠር ግልጽ ቀለበት የለውም። ውፍረትም ቢሆን ያሳስታል፤ ጅረት ዳር የበቀለ ዋንዛ ደረቅ ዳገት ላይ ካለ የዕድሜ አቻው እጅግ ይወፍራል። ደኑን ጥንታዊ የሚያሰኘው የአንድ ዛፍ ዕድሜ ሳይሆን፣ ቦታው ለብዙ ትውልድ ሳይመነጠር ቆይቶ ዛፎቹ ራሳቸውን በራሳቸው እየተኩ መቀጠላቸው ነው። ሺህ ዓመት የሚለው አኃዝ ለጎብኚ ጆሮ ይጥማል እንጂ ከግንዱ የተነበበ አይደለም።

ጉዞውን በተመለከተ፣ ከሀዋሳ በሻሸመኔ አቅጣጫ ወጥታችሁ ወደ ወንዶ ገነት የሚታጠፈውን መንገድ ስትይዙ በአጠቃላይ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ዳገቱ ስለሚደርቅ ለልጆች ይመቻል፤ ክረምት ላይ ደኑ እጅግ ቢያምርም ቀይ አፈሩ ያንሸራትታል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥታችሁ ፀሐይ ሳይበረታ ደን ውስጥ ብትገቡ ጉሬዛውንም ወፎቹንም በሚንቀሳቀሱበት ሰዓት ታገኛላችሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ሁሉም ጥላ ይዞ ዝም ስለሚል ልጆቹ «ምንም የለም» ብለው ይሰላቻሉ። ትምህርት ቤቱ ለኮሌጁ አስቀድሞ ደብዳቤ ጽፎ ፈቃድና ቦታውን የሚያውቅ ሰው ይጠይቅ። ተማሪዎቹም ከ15 በማይበልጡ ቡድኖች ቢከፈሉ መልካም ነው፤ 60 ልጅ በአንድ ላይ የገባበት ደን ለጠዋቱ ሁሉ ባዶ ይሆናል።

ሁሉም ልጅ የተሸፈነ ጫማና ረጅም ሱሪ ይልበስ፤ ሳማና ዶቢ በመንገዱ ዳር አይታጡም፣ ጉንዳን ሰልፍ ላይ የቆመ ልጅም ጩኸቱ ጉሬዛውን ሁሉ ያባርራል። ከደን ሲወጡ ካልሲና ቁርጭምጭሚት አካባቢ መዥገር መኖር አለመኖሩን ማየት ተገቢ ነው። ፍል ውሃውን ለመጨረሻ ያቆዩት። ውሃው ከመሬት በሚወጣበት ቦታ ቆዳ የሚያቃጥል ስለሆነ ወደ ምንጩ ጠጋ ብሎ መጫወትን በጥብቅ ይከልክሉ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በዚህ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። በወጣትነቴ ከሀዋሳ በስተ ምሥራቅ የጨለለቃ ሐይቅ ውሃ ሞልቶ ሲያንጸባርቅ አይቻለሁ፤ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ልጆቼ ለሽርሽር ወደ ወንዶ ገነት ሲሄዱ «ያ ደን ባይኖር የሀዋሳ ሐይቅ አይኖርም» እላቸዋለሁ፤ እነርሱ ይስቃሉ። አባባሌ የተጋነነ ነው?

ምላሽ፦ ጥቂት የተጋነነ ቢሆን እንኳ ልጆችዎ የሚስቁበት ምክንያት የለም። ካርታውን ዘርግተው ውሃውን ይከታተሉ። ከወንዶ ገነት ሸንተረሮች የሚወርዱት ጅረቶች በመጀመሪያ የሚገቡት ወደ ጨለለቃ ሜዳ ነው፤ ከጨለለቃ የሚወጣው ውሃ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይሆንና ሀዋሳ ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ የሚገባለት ወንዝ ግን ይኸው ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። የቀረውን የሚያገኘው በላዩ ላይ ከሚዘንበው ዝናብ፣ በክረምት ከሚጎርፉት ሸለቆዎችና ከከርሰ ምድር ነው። ስለዚህ በሐይቁ ዳር በአሞራ ገደል ዓሣ የሚበላ የከተማችን ሰው ከዚያ ደን ጋር የውሃ ዝምድና አለው ማለት ይቻላል።

ደኑ ውሃን አይፈጥርም፤ የሚያደርገው ዝናቡ መሬት ላይ የሚያርፍበትን አኳኋን መለወጥ ነው። ጠብታው ከላይኛው ቅጠል ወደ ታችኛው እየተንጠባጠበ፣ በመጨረሻም በብስባሽ በተሸፈነ መሬት ላይ ሲያርፍ ቀስ ብሎ ይሠርግና በበጋ ከምንጭ ይወጣል። ያው ዳገት ተመንጥሮ ማሳ ሲሆን የዚያው ዝናብ ትልቁ ክፍል በላይ በላዩ ይጎርፋል፣ አፈሩንም ይዞ ይወርዳል። ደለሉ የሚያርፈው ደግሞ ቁልቁለቱ በሚያልቅበት ሜዳ ነው፤ ሜዳው ጨለለቃ ነው። ለጨለለቃ መድረቅ ደለል ብቻውን ተጠያቂ አይደለም፤ ጅረቶቹን ለመስኖ መጥለፍም ድርሻ አለው። እርስዎ በወጣትነትዎ ያዩት የሐይቅ ውሃ ወደ ረግረግነት የተለወጠው ግን ላይኛው ዳገት እየተራቆተ በሄደባቸው በእነዚያው አሥርት ዓመታት ነው።

ሀዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። እንዲህ ያለ ሐይቅ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙውን ጊዜ እንደ ሻላና አቢጃታ ጨዋማ ሲሆን ሀዋሳ ግን ጨው አልሆነም፤ ውሃው በመሬት ውስጥ ሾልኮ እንደሚወጣ ባለሙያዎች ያምናሉ። ላዩን መውጫ የሌለው ሐይቅ የሚገባለትን ደለል የሚያስወግድበት መንገድ ስለሌለው ከላይ የወረደው ሁሉ ከታች ይቀራል። ልጆችዎ ሲሄዱ አንድ ጅረት ከደኑ በሚወጣበት ቦታ፣ ያንኑ ጅረት ደግሞ በማሳዎቹ መካከል ካለፈ በኋላ በሁለት ብርጭቆ ይቅዱና አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጡት፤ ከዝናብ ማግሥት ቢሆን ይበልጥ ይታያል።

አንድ ነገር ግን ከልጆችዎ ጋር ሲከራከሩ ይጠንቀቁ። «ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶዋ ደን ነበር» የሚለው አኃዝ በየስብሰባው ይደጋገማል፤ የታሪክም የደንም ተመራማሪዎች ግን አኃዙ የተመሠረተበትን ማስረጃ አጥብቀው ይጠራጠሩታል። ጨለለቃን በዓይንዎ አይተውታል፤ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ ስላለዎት አጠራጣሪውን አኃዝ መጥቀስ አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ በአሞራ ገደል ጉሬዛዎቹንና ጦጣዎቹን ሙዝና ቆሎ እያበላን ፎቶ እንነሣለን። በወንዶ ገነት ደንም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል? ድሮን ማብረርስ?

ምላሽ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። ጦጣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ጉሬዛ ግን በዋነኛነት ቅጠል በል ነው፤ ሆዱም እንደ ላም በክፍሎች የተከፈለና ቅጠሉን በረቂቅ ነፍሳት እርዳታ እያብላላ የሚፈጭ ነው። ጣፋጭና ዱቄትነት ያለው ምግብ በብዛት ሲገባበት ሆዱ ይታወካል። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጦጣም ውሎ አድሮ ከልጆች እጅ ይነጥቃል፣ ይነክሳልም፤ በአሞራ ገደል ቦርሳቸውን የተቀሙ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። ጉሬዛን ማየት ከፈለጉ ዝም ብሎ መቆም ብቻ ይበቃል። ትንሽ ቆይተው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ነጩ የጀርባ ጸጉራቸው እንደ ነጠላ ጫፍ ሲዘረጋ ያያሉ። እናቲቱ የታቀፈችው ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ ገና የተወለደ ነው፤ ጥቁሩን ቀለም የሚይዘው እያደገ ሲሄድ ነው። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካለዎት የጉሬዛን እጅ ይመልከቱ፦ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ቅርንጫፍ የሚይዘው በአራቱ ጣቶች ነው። ድሮንን በተመለከተ በአገራችን ያለ ፈቃድ ማብረር አይፈቀድም፤ ፈቃድ ቢኖርዎት እንኳ ድምፁ በደኑ ያሉትን ወፎች ከጎጆአቸው ያስነሣልና ይተዉት።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው የምጽፈው። አዲስ ባሠራነው ቤት ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ ሳይሆን የአገር ዛፍ መትከል እንፈልጋለን። ባለቤቴ በሚቀጥለው ጉብኝታችን ከደኑ ውስጥ ሁለት ሦስት የጥቁር እንጨትና የዝግባ ችግኞችን ነቅለን እናምጣ ይላል። «ደኑ ውስጥ ሺህ ችግኝ አለ፣ ሁለቱ ቢነሣ ምን ይጎድላል?» ነው የሚለኝ። እኔ ልቤ አልፈቀደውም። ማን ልክ ነው?

ምላሽ፦ ልብዎ ልክ ነው፤ ባለቤትዎ ያነሡት ክርክር ግን ተገቢ መልስ ይፈልጋል፤ በእርግጥም በአንዳንድ ቦታ ከእናት ዛፉ ሥር ችግኙ እንደ ሣር የበቀለበት ይገኛልና።

ብዙ ሰው ደን ከተመነጠረ በኋላ ዘሩ አፈር ውስጥ ስላለ ቦታው ቢከለል ተመልሶ ይበቅላል ብሎ ያስባል። የአረምና የቁጥቋጦ ዘር በእርግጥ ለዓመታት አፈር ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፤ የተመነጠረ ቦታ ቶሎ አረንጓዴ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። የደጋ ደናችንን ታላላቅ ዛፎች በተመለከተ ግን የአገራችን የደን ተመራማሪዎች አፈሩን እየቆፈሩ፣ ናሙናውን እያበቀሉ ሲያጠኑ ያገኙት ሌላ ነው፦ አብዛኞቹ በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የዘር ክምችት የላቸውም። የጥቁር እንጨት ዘር በተለመደው አኳኋን ሲቀመጥ በወራት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። እነዚህ ዛፎች የነገ ተስፋቸውን ያኖሩት በአፈር ውስጥ ሳይሆን ከአፈር በላይ፣ በጥላ ሥር ለዓመታት አጥረው በሚቆዩት በእነዚያ ችግኞች ላይ ነው። አንድ ትልቅ ዛፍ ሲወድቅና ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያስገባ ክፍተት ሲፈጠር፣ ሲጠብቅ የኖረው ችግኝ ወደ ላይ ይመዘዛል። ከሺህ ችግኝ ለዚያ ቀን የሚደርሱት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ባለቤትዎ የሚነቅሏቸው ሁለቱ ከየትኞቹ ወገን እንደሆኑ ደግሞ ማንም አይቶ መለየት አይችልም። በበዓል ሰሞን ወደ ደኑ የሚገባው ሰው ሁሉ እንደ እርሳቸው «ሁለት ብቻ» ቢል ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ደን ልጅ አልባ ሆኖ ይቀራል።

ሌላም ምክንያት አለ። ከደን ጥላ የተነቀለ ችግኝ በሀዋሳ ፀሐይ ላይ ሲተከል አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ዋና ሥሩ ሲነቀል ይበጠሳል፣ ቅጠሉም ለጥላ የተሠራ ስለሆነ ይቃጠላል። በችግኝ ጣቢያ ከዘር ጀምሮ በፕላስቲክ ከረጢት ያደገና ቀስ በቀስ ፀሐይ የለመደ ችግኝ ግን ይጸድቃል። በሀዋሳና በወንዶ ገነት ካሉ ችግኝ ጣቢያዎች የዋንዛ፣ የዝግባና የጥቁር እንጨት ችግኝ እየጠየቁ መግዛት ይቻላል፤ ሁሉም በሁሉም ጊዜ ላይኖር ስለሚችል ከግንቦት በፊት ማስመዝገቡ ይበጃል። የዝግባ ዘር ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ለመብቀል ብዙ ወራት ይወስዳል፤ ችግኙም ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ዝግባን ከቤቱ ግድግዳ አታጠጉት፤ የልጅ ልጆቻችሁ ይከፍሉበታል። ቶሎ ጥላ ከፈለጋችሁ ዋንዛ ይበልጣል፤ ነጭ አበባውን ንቦች ይወዱታል፣ የሚያጣብቀውን ጣፋጭ ፍሬውንም የሰፈሩ ልጆች።

ጥቁር እንጨትን በተመለከተ ጥቂት ልጨምር። የዚህ ዛፍ ቅርፊት ለፕሮስቴት ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ስለሚዘጋጅበት በብዙ የአፍሪካ አገሮች ቅርፊቱ እየተላጠ ዛፉ እየደረቀ ሲያስቸግር፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ሳይተስ በተባለው ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል። በደኑ ውስጥ ስትጓዙ ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ግንድ ብታዩ ያ ዛፍ ቆሞ የሞተ ነው። የወደቀ ቅጠሉን በጣታችሁ ብታሹት እንደ መራራ ለውዝ ያለ ሽታ ይሰጣችኋል። ዛፉን ለማወቅ ቅርፊቱን መፋቅ አያስፈልግም።

ችግኙን የምትተክሉበትን ቀን ከጠየቃችሁ፣ ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰ በኋላ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለው ይስማማል። የሲዳማ አረጋውያን በፍቼ ጫምባላላ በዓል ለሕዝቡ ከሚሰጧቸው ምክሮች አንዱ የአገር ዛፍን መጠበቅ ነው፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብም ይህ ተጠቅሷል። የሽማግሌዎቹ ምክር ለባለቤትዎ ከእኛ ክርክር ይልቅ ይጠቅም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ደኑን ስንጎበኝ የደረቅ እንጨት ሸክም ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን አገኘን። አብሮን የነበረ ሰው «ደኑን የሚጨርሱት እነዚህ ናቸው» ብሎ ፎቶ ሲያነሣቸው አንዷ እናት ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ነገሩ ከነከነኝ። ጎብኚ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ምን ማድረግ አለበት?

ምላሽ፦ ፎቶውን ማንሣት አልነበረበትም። ማንም ሰው በሸክም ተጎብጦ ሳለ ያለ ፈቃዱ መቀረጽ አይገባውም፤ «ይቅርታ እማማ፣ ላንሣዎት?» ብሎ መጠየቅና እምቢ ሲሉ መተው ነበር የሚገባው።

ፍርዱም ችኩል ነው። ደረቅ እንጨት መልቀምና እርጥብ ዛፍ መቁረጥ አንድ አይደሉም፤ ሸክሙ ውስጥ ያለው ቀጫጭንና ቅርፊቱ የለቀቀ ጭራሮ ከሆነ አብዛኛው ለቀማ ነው። ለቀማም ሲበዛ ያሳስባል፤ የበሰበሰው እንጨት ለአፈሩም፣ ለግንደ ቆርቁርም፣ ለእንጉዳይም ምግብና ቤት ነውና። ይሁን እንጂ ትልልቆቹን ግንዶች በሴት ጀርባ ማውረድ አይቻልም፤ እነርሱ የሚወጡት በመጋዝና በመኪና፣ ጎብኚ በማይኖርበት ሰዓት ነው። የዳገቱ ጫፍ ማሳ እየሆነ የሚሄድበትም ዋና ምክንያት ከማገዶው ይልቅ እርሻው፣ በተለይም በአካባቢው ጥሩ ገንዘብ የሚያስገኘው ጫት ነው። ከእርሻው የሚገኘውን ገቢ ከደኑ በሌላ መንገድ ማግኘት ያልቻለ ገበሬ ዛፉን ስለ ውበቱ ብቻ ይጠብቅልኝ ማለት ከከተማ ሆኖ ለሚናገር ሰው ቀላል ነው።

በአገራችን ነዋሪው በደኑ ጥበቃም በጥቅሙም ተካፋይ የሚሆንበት አሳታፊ የደን አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ እንደ ጭልሞ፣ ቦንጋና አዳባ ዶዶላ ባሉ ደኖች ተሞክሯል፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065ም የማኅበረሰብን ደን በሕግ ዕውቅና ይሰጠዋል። ጎብኚ የሚያዋጣው ድርሻ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ምሳዎን ከሀዋሳ ቋጥረው ሄደው ቆሻሻውን ብቻ ጥለው ከመመለስ ይልቅ ሙዙንና ሸንኮራውን ከዚያው ይግዙ፤ የአካባቢውን ወጣት አስጎብኚ አድርገው ይቅጠሩ፤ ዋጋውን ግን ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ቁረጡ፤ በመጨረሻ የሚነሣ ጭቅጭቅ የሁለቱንም ወገን ቀን ያበላሻል። ተራራው የሲዳማ ክልልና የኦሮሚያው ምዕራብ አርሲ የሚዋሰኑበት በመሆኑ፣ በየትኛው በኩል እንደምትወጡ ለሚያስገባችሁ ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ። በመጋዝ የሚቆረጥ ዛፍ ካያችሁ ግን አትከራከሩ፤ ቦታውንና ሰዓቱን ይዛችሁ ስትወርዱ ለደን ጥበቃው አስታውቁ።

ጥያቄ፦ ጉልበቴን ያመኛል፣ ዳገት አልችልም። ወፎች ማየት ግን እወዳለሁ። ለእኔ የሚሆን ነገር አለ?

ምላሽ፦ አለ፤ እንዲያውም ወፍ ተመልካች ብዙ መሄድ የለበትም። በፍል ውሃው አካባቢና በኮሌጁ ግቢ ያሉት ትልልቅ ዛፎች ከደኑ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው የደኑ ወፎች ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ይወርዳሉ። የሚታጠፍ ወንበር ይያዙና ፍሬ ባለው ሾላ ትይዩ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ይቀመጡ። ራሱ ቢጫ የሆነውንና ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘውን በቀቀን ከማየትዎ በፊት በጩኸቱ ያውቁታል፤ በመንጋ እየተንጫጫ ነው የሚያልፈው። ትልቅ ምንቃር ያለውና ክንፉ ሲመታ እንደ ነፋስ የሚያፏጨው ጥቁርና ነጭ ወፍም ሾላን ይወዳል። ጉንጩ ነጭ የሆነው አረንጓዴ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ ተራ ይመስላል፤ ሲበር ግን ክንፉ ውስጥ ያለው ደማቅ ቀይ ይገለጣል፤ ያ ቀለም መዳብ ያለበት መሆኑ በኬሚስቶች የተረጋገጠ ነው።

ያም ሩቅ ከሆነብዎ በአሞራ ገደል ካሉት ዋርካዎች ሥር ዓሣ ገበያው ሳይጨናነቅ ጠዋት መቀመጥ ይችላሉ፤ ጉሬዛውም እዚያው ነው። ወደ ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ እንዲሄዱ የሚመክርዎ ሰው ካለ ግን ያ ሣር ሜዳ እንጂ ደን አለመሆኑን ይወቁ፤ ቆርኬውን ለማየት መልካም ነው፣ የደን ወፍ ግን አያገኙበትም። ወንዶ ገነት ሲያመሹ ወባ ስላለ እጅጌ ያለው ልብስ ይልበሱ፤ ወደ ሀዋሳ የሚመለሱበትንም መኪና ከመጨለሙ በፊት ያነጋግሩ።